የራስ ሞተር ወይስ የተገዛ? ከመርከብ ለሚነሣ ተዋጊ ጄት የሚመረጠው

ቪክራንት ከተባለው የሕንድ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ የሚነሣ ተዋጊ ጄት ረጅሙን መንደርደሪያ ቢሰጡት እንኳ ከፊቱ ያለው 200 ሜትር ገደማ ነው። መርከቡ እንደ አሜሪካኖቹ አውሮፕላን የሚያስፈነጥር ካታፑልት የለውም። አብራሪው ሞተሩን እስከ መጨረሻው ይከፍታል፣ ጎማዎቹን የያዘው ማገጃ ይለቃል፣ ጄቱ ይንደረደራል፣ ሽቅብ የታጠፈው የመርከቡ አፍንጫ ወደ ሰማይ ይወረውረዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ባሕር ነው። በዚያች ቅጽበት ሞተሩ የሕንዷ ቤንጋሉሩ ይሠራ የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ፣ ሞስኮ ይሠራ ፓሪስ አጠገብ፣ አብራሪው ደንታ የለውም። መግፋቱን ብቻ ነው የሚፈልገው።

የግዥ ውሉን ለሚፈርመው ሰው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። መርከቡ 40 ዓመት ይኖራል፣ ጄቱ 30 ዓመት ይበራል፣ ሞተሩ ደግሞ በዚያ ዕድሜ ውስጥ ደጋግሞ ይፈታል፣ ይታደሳል፣ ይተካል። ሞተር የሚገዛ መንግሥት የ30 ዓመት መለዋወጫ፣ የ30 ዓመት ባለሙያና የ30 ዓመት ፖለቲካ አብሮ ይገዛል። አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ከፈረስ ጉልበቱ አስቀድሞ «መለዋወጫው መርካቶ ይገኛል?» ብሎ የሚጠይቀው ሞኝ ሆኖ አይደለም።

ንጽጽሩን በሕንድ ላይ የማደርገው ይህች አገር ሁሉንም ስለሞከረች ነው። የአሜሪካ ሞተር፣ የሩሲያ ሞተር፣ የፈረንሳይ ሞተር፣ የራሷም ሞተር በእጇ አልፈዋል። ሁሉም አስተምረዋታል፤ አንዳንዱ በጣም በውድ ዋጋ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባሕር ከሞተር ምን ይፈልጋል?

በየብስ ጥሩ የሆነ ሞተር መርከብ ላይም ጥሩ ይሆናል ብሎ መገመት የመጀመሪያው ስሕተት ነው። ትልቁ ጠላት ጨው ነው። ከባሕር አየር ጋር የሚገባው ጨው ነዳጁ ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ሲገናኝ፣ ጋለው በሚሽከረከሩት የተርባይን ምላጮች ላይ ሶዲየም ሰልፌት ሆኖ ይጋገራል፤ መከላከያ ሽፋናቸውንም ይበላል። የፊት ለፊቱን መጭመቂያ በንጹሕ ውኃ ማጠብ ይረዳል። መርከብ ላይ ግን ንጹሕ ውኃ ራሱ ከባሕር ተጣርቶ የሚገኝ ነው። ስለዚህ የምላጩ ብረትና ሽፋኑ ከመጀመሪያው ለጨው ታስቦ መሠራት አለበት። ይህ በኋላ የሚለጠፍ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው የማረፍ ነገር ነው። መርከብ ላይ የሚያርፍ አብራሪ ጎማው ወለሉን ሲነካ ሞተሩን አይቀንስም፤ እንዲያውም እስከ መጨረሻው ይከፍተዋል። የጅራቱ መንጠቆ የማቆሚያውን ገመድ ካልያዘ ወዲያው ተመልሶ መነሣት አለበትና። ከዝቅተኛ ግፊት ወደ ሙሉ ግፊት ለመድረስ የሚንቀራፈፍ ሞተር አየር ማረፊያ ላይ ቢያስቆጣ ነው፤ መርከብ ላይ ሰው ይገድላል። ሞተሩ በድንገት ሲከፈት መጭመቂያው ውስጥ አየር ተናንቆ እንዳይጠፋም ያስፈልጋል።

ሙቀትም አለ። አየሩ በሞቀ ቁጥር ይሳሳል፣ ግፊትም ይቀንሳል። በአውሮፓ ብርድ የተለካ ቁጥር በአረቢያ ባሕር ቀትር ላይ ያንኑ አይሆንም። ካታፑልት ያለው መርከብ ጉድለቱን በእንፋሎት ወይም በኤሌክትሪክ ኃይል ይሸፍንለታል። ቪክራንትና ሁለተኛው የሕንድ ተሸካሚ መርከብ ቪክራማዲትያ ላይ ግን የጎደለው ግፊት የሚካካሰው ክብደት በመቀነስ ነው፤ ነዳጅ ይቀነሳል፣ ወይም ሚሳይል ይወርዳል። ሙሉ ትጥቅ ይዞ መነሣት የማይችል ጄት ደግሞ ለሰልፍ ትርኢት ካልሆነ ምን ይሠራል?

የመጨረሻው ጥገና ነው። መርከብ ውስጥ ያለው የጥገና አዳራሽ ጠባብ፣ የሚናወጥና በሌላ አውሮፕላን የተጨናነቀ ነው። ሞተሩ በክፍል በክፍል የሚፈታ ከሆነ የተበላሸው ክፍል ብቻ ተነጥሎ ይለወጣል፤ የፈረንሳዩ ኤም 88 በ21 ክፍሎች የተከፋፈለው ለዚህ ነው። የአሜሪካ መርከቦች የታደሰውን ሞተር ከኋላ ጫፋቸው ላይ አስረው፣ እሳቱን ወደ ባሕሩ አዙረው ይፈትሹታል። ትንሽ መርከብ ያለው ገዢ ይህ ምቾት ስለሌለው ሳይፈታ ብዙ ሰዓት የሚሠራ ሞተር ያስፈልገዋል።

ቁጥሮቹ ጎን ለጎን

ግፊት በኪሎ ኒውተን ይለካል። ድኅረ ማቃጠያው (ከተርባይኑ ኋላ ተጨማሪ ነዳጅ የሚያቃጥለው ክፍል) ሲበራ የሚገኘውን ከፍተኛ ግፊት ብንወስድ የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኤፍ 414 ሞተር 98 ያህል፣ የሩሲያው አርዲ 33 ኤምኬ ሞተር 88፣ ቴጃስ ለተባለው የሕንድ ተዋጊ ጄት የተዘጋጀው የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኤፍ 404 ሞተር 84፣ የፈረንሳዩ ኤም 88 ሞተር 75 ይሰጣሉ። የሕንዱ ካቬሪ የታቀደው 81 እንዲሰጥ ነበር፤ በሙከራ ላይ የደረሰው 70 እና ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ነው።

ግፊት ብቻውን ግን ያሳስታል፤ ከክብደት ጋር ካልታየ ዋጋ የለውም። ኤም 88 ከ900 ኪሎ ግራም በታች ይመዝናል። ካቬሪ 1,100 ኪሎ እንዲሆን ታስቦ 1,235 ሆነ። እንግዲህ የሕንዱ ሞተር ከፈረንሳዩ ከ300 ኪሎ በላይ ይከብዳል፣ ሲገፋ ግን አይበልጠውም። ሁለት ሞተር ባለው ጄት ላይ ልዩነቱ ከ600 ኪሎ ያልፋል። መንደርደሪያዋ 200 ሜትር በሆነች መርከብ ላይ ይህ ልዩነት ሁለት ሦስት ሚሳይል ነው፣ ወይም ወደ ቤት የሚመልስ ነዳጅ።

የተገዛ ሞተርም በቁጥር ሊጎድል እንደሚችል ለመርሳት አይመቸኝም። የባሕር ኃይሉ ቴጃስ በ2012 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበር የተገጠመለት የአሜሪካው ኤፍ 404 ነበር። ለመርከብ ተብሎ የተጠናከረው የጎማ እግርና የጅራቱ መንጠቆ ክብደት ጨመሩበት፤ ሞተሩ አልቻለውም። የባሕር ኃይሉ አዛዥ አድሚራል ሱኒል ላንባ በታኅሣሥ 2016 አውሮፕላኑ ከመርከብ ለመሥራት ከባድ እንደሆነ በይፋ ተናገሩ። ጄቱ በጥር 2020 ቪክራማዲትያ ላይ በገመድ ተይዞ አረፈ፤ በየካቲት 2023 ደግሞ ቪክራንት ላይ። ለመሐንዲሶቹ ትልቅ ድል ነው። ለአገልግሎት ግን አልተገዛም።

ካቬሪ፦ የአገር ቤቱ ሞተር ታሪክ

ካቬሪ የደቡብ ሕንድ ወንዝ ስም ነው። ሞተሩ በ1989 ሲፈቀድ ሥራውን የያዘው ቤንጋሉሩ የሚገኘው የመንግሥት የጋዝ ተርባይን ምርምር ተቋም ነበር። በጀቱ 383 ክሮር ሩፒ ገደማ (አንድ ክሮር 10 ሚሊዮን ነው)፣ የሚያልቀውም በ1996 መጨረሻ ተባለ። በ1996 የሆነው ግን ሙሉው ሞተር መሬት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መቀስቀሱ ብቻ ነው። በ2008 ከቴጃስ ፕሮግራም ተነጠለ። በ2010 ሩሲያ ውስጥ ኢል 76 በተባለ የጭነት አውሮፕላን ላይ ተገጥሞ በረረ። ከ3,000 ሰዓት በላይ ተፈትኗል፣ ከ2,000 ክሮር ሩፒ በላይ ወጥቶበታል፣ አንድም ተዋጊ ጄት ግን ይዞ ወደ ውጊያ አልተነሣም።

በዚህ ላይ መሳለቅ ቀላል ነው፤ የሕንድ ጋዜጦችም ሲሳለቁ ኖረዋል። ችግሩ የስንፍና አይመስለኝም። ዘመናዊ ሞተር ውስጥ ወደ ተርባይኑ የሚገባው ጋዝ ምላጩ የተሠራበት የኒኬል ቅይጥ ከሚቀልጥበት ሙቀት ይበልጣል፤ በኤም 88 ውስጥ ከ1,550 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው። ምላጩ ሳይቀልጥ የሚቆየው በውስጡ በተበሱ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ቀዝቀዝ ያለ አየር ስለሚያልፍበት፣ ላዩም በሴራሚክ ስለተሸፈነ ነው። ጫፍ ላይ ያሉት አምራቾች ምላጩን ከአንድ ወጥ ክሪስታል ያበቅሉታል፤ መገጣጠሚያ የሌለው ብረት በጋለ ጊዜ የሚሰነጠቅበት መሥመር አያገኝም። ካቬሪ ሲጀመር ሕንድ ለተዋጊ ሞተር የሚሆን ይህን ጥበብ አልነበራትም፤ ማንም አልሸጠላትም። ከፍተኛ ሰማይን የሚያስመስል መፈተሻ ስላልነበራትም ሞተሩን ጭና ሩሲያ ድረስ መሄድ ነበረባት። በየፈተናው አንድ ስሕተት ሲገኝ ሞተሩ ተመልሶ፣ ተፈትቶ፣ ተሠርቶ፣ እንደገና ወረፋ ይዞ ይሄዳል። 20 ዓመት እንዲህ ነው የሚያልቀው።

የምወቅሰው ሌላውን ውሳኔ ነው። አዲስ ሞተርን ከአዲስ አውሮፕላን ጋር፣ ያውም ባለ አንድ ሞተር ከሆነ አውሮፕላን ጋር አንድ ላይ ማሠር ሁለቱንም መያዣ ማድረግ ነው። ቴጃስ በጥር 2001 የበረረው ኤፍ 404 ስለተገዛለት ነው። ካቬሪን ቢጠብቅ ኖሮ ዛሬም መሬት ላይ በሆነ ነበር።

ሕንድ ከዚህ ጉድጓድ ስትወድቅ የመጀመሪያዋም አይደለም። ጀርመናዊው ኩርት ታንክ የነደፉላት ማሩት የተባለው ተዋጊ ጄት በ1961 ሲበር ቅርጹ ከድምፅ እንዲፈጥን የታሰበ ነበር፤ የሚመጥን ሞተር ግን ሳያገኝ ዕድሜውን ጨረሰ። የእንግሊዙ አምራች የተሻለ ሞተር እንዲያዳብርላት ገንዘብ እንድታዋጣ ሲጠይቃት እምቢ አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግብፅ አዞረች፤ ሄልዋን ላይ ይሠራ የነበረውን ኢ 300 የተባለ ሞተር በማሩት ላይ ገጥመው ሞከሩት። ያም ከሙከራ አላለፈም። የሁለት ድሆች ጥምረት፣ ሐሳቡ ግን ደስ ይላል።

የተገዛው ሞተርስ?

«የሰው ወርቅ አያደምቅም» ማለት ለጄት ሞተር አይሠራም፤ የሰው ሞተር በደንብ ያደምቃል፣ ባለቤቱ እስከፈቀደ ድረስ። ሕንድ ፈቃድ ሲነሣ ምን እንደሚመስል ሁለት ጊዜ በደንብ አይታዋለች። በ1978 ቪገን የተባለውን የስዊድን ተዋጊ ጄት ለመግዛት ስትደራደር ዋሽንግተን ሽያጩን አገደችው። አውሮፕላኑ ስዊድናዊ ነው፤ ሞተሩ ግን ከአሜሪካ ሞተር የተወለደ ስለነበር ቁልፉ በሌላ ሰው ኪስ ነበር። ሕንድ በምትኩ ጃጓር የተባለውን ጄት ገዛች። በ1998 ደግሞ የኑክሌር ሙከራ ስታደርግ ማዕቀቡ ቴጃስ ላይ አረፈ፤ አሜሪካ ውስጥ በበረራ መቆጣጠሪያው ላይ ይሠሩ የነበሩ የሕንድ መሐንዲሶች ተባረሩ። ማዕቀቡ የተነሣው በ2001 ነው።

ይህ ለኢትዮጵያ አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም። በ1977 የካርተር አስተዳደር ለኢትዮጵያ የሚሰጠውን ወታደራዊ እርዳታ ሲያቋርጥ የሶማሊያ ጦር ድንበር ላይ ነበር፤ የአየር ኃይሉ ኤፍ 5 ጄቶች የሚበሩትም በጄኔራል ኤሌክትሪክ ሞተር ነበር። ጄቶቹ እንዲያም ሆኖ ተዋግተዋል፣ አብራሪዎቹና የምድር ባለሙያዎቹም ስማቸውን ጽፈዋል። መለዋወጫ የሚቆርጥ አቅራቢ ግን ጊዜ መርጦ አይቆርጥም፤ የሚቆርጠው እንዲያውም በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው።

ማዕቀብ ባይኖርም መዘግየት አለ። የሕንድ መንግሥት ኩባንያ ሂንዱስታን ኤሮኖቲክስ በነሐሴ 2021 ለቴጃስ 99 ኤፍ 404 ሞተሮችን በ716 ሚሊዮን ዶላር አዘዘ። የመጀመሪያው ሞተር የተረከበው በመጋቢት 2025 ነው። ፋብሪካው ይህን ዓይነት ሞተር ማምረት ካቆመ አምስት ዓመት ሆኖት ስለነበር መሥመሩን እንደገና ማስነሣት፣ አቅራቢዎቹን እንደገና ማሰባሰብ ነበረበት። ወዳጅነት ነበር፣ ውል ነበር፣ ገንዘብ ነበር፤ ሞተር አልነበረም። አውሮፕላኖቹ አካላቸው ተሠርቶ ልብ ሲጠብቁ ቆዩ።

የሩሲያው ምርጫ በፖለቲካ በኩል ለሕንድ ረጋ ያለ ነበር፤ ጉዱ የወጣው በብረቱ ነው። ባሕር ኃይሉ በአርዲ 33 ኤምኬ የሚበሩ 45 ሚግ 29 ኬ የተባሉ የሩሲያ የመርከብ ጄቶች ገዛ። በ2016 የወጣው የሕንድ ዋና ኦዲተር ሪፖርት እንዳስቀመጠው አውሮፕላኑ በ2010 አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ከ65 ሞተሮች 40ው፣ ማለትም 62 በመቶው፣ ከንድፍ በመነጨ ጉድለት ከአገልግሎት ተነሥተዋል። ለበረራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኘውም አውሮፕላን በጥሩ ጊዜ ከ38 በመቶ በታች፣ በክፉው 16 በመቶ ገደማ ነበር። በአንድ ሞተር ብቻ ተመልሰው ያረፉም ነበሩ፤ ሁለት ሞተር መኖሩ እዚህ ላይ ነፍስ አድኗል። ወረቀት ላይ 88 ኪሎ ኒውተን ከ75 ይበልጣል። መጋዘን ውስጥ የተኛ 88 ግን ዜሮ ነው።

ከሦስቱ የውጭ ምርጫዎች የፈረንሳዩ በቁጥር ደካማው ሆኖ በአጠቃላይ ሚዛን የተሻለው የሆነው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ሕንድ በሚያዝያ 2025 ራፋል ማሪን ለተባሉ 26 የፈረንሳይ የመርከብ ጄቶች 63,000 ክሮር ሩፒ ገደማ የሚያወጣ ውል ፈርማለች። አየር ኃይሏ በ2016 የገዛቸው 36 ራፋሎች የሚበሩት በዚያው በኤም 88 ነው። የየብሱና የባሕሩ አውሮፕላን አንድ ሞተር፣ አንድ መለዋወጫ፣ አንድ ዓይነት ባለሙያ ሲጋሩ የሚተርፈው ገንዘብና ጊዜ በማስታወቂያ ወረቀት ላይ አይታይም።

«በፈቃድ እናመርተዋለን» ሲባል

በሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ፦ የውጭውን ሞተር በፈቃድ አገር ውስጥ መሥራት። ሻጮች ይህን ሲያቀርቡ የመቶኛ ቁጥር ይወዳሉ። በሰኔ 2023 ጄኔራል ኤሌክትሪክና ሂንዱስታን ኤሮኖቲክስ ኤፍ 414ን ሕንድ ውስጥ በጋራ ለማምረት የመግባቢያ ሰነድ ሲፈራረሙ 80 በመቶ ቴክኖሎጂ እንደሚሸጋገር ተነግሯል። ሞተሩ ከአውሮፓው ኢጄ 200 ጋር ተወዳድሮ የተመረጠው በ2010 ነበር፤ ከምርጫው እስከ ሰነዱ 13 ዓመት።

80 በመቶ ሲሰሙ ገዢዎች ያጨበጭባሉ። እኔ የምጠይቀው ስለቀረው 20 ነው። የሞተርን ክብደት 80 በመቶ የሚሸፍኑትን ሽፋኖች፣ ቱቦዎችና ቀለበቶች መሥራት የሚችል አገር ብዙ ነው። የምላጩን ክሪስታል ማብቀል፣ ቀዳዳውን መብሳት፣ ሽፋኑን መቀባት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ንድፉን በራስ ሥልጣን መለወጥ የሚችል ጥቂት ነው። በሕንዷ ኮራፑት ያለው ፋብሪካ የሩሲያውን ኤኤል 31 ኤፍፒ ለዓመታት ሲያመርት ኖሯል፤ በመስከረም 2024 ሱኮይ 30 ለተባሉት ጄቶች 240 ሞተሮች በ26,000 ክሮር ሩፒ ታዝዘውታል። ትልቅ ሥራ ነው፤ ሠራተኛው፣ ማሽኑ፣ የጥራት ፍተሻው ሁሉ አገር ውስጥ ይቀራል። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ግን አዲስ ሞተር ከዚያ አልተወለደም። በሰው ምጣድ መጋገርና ምጣድ መሥራት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው።

ዋጋውም ይታይ። ከላይ ያለው የኮራፑት ውል ለአንድ ሞተር 108 ክሮር ሩፒ ይደርሳል፣ 13 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። የኤፍ 404ቶቹ ትእዛዝ ለአንዱ ከሰባት ሚሊዮን ዶላር ትንሽ በለጥ ይላል። ሞተሮቹ በመጠን የተለያዩ ስለሆኑ ይህን አንድ ለአንድ ማወዳደር ፍትሕ አይሆንም፤ «አገር ውስጥ ከተሠራ ይረክሳል» የሚለውን ተስፋ ለማቀዝቀዝ ግን ይበቃል። አገር ውስጥ የሚሠራው ለርካሽነት ከሆነ አይሠራ። የሚሠራው በክፉ ቀን ላለመለመን ነው፤ ያም የራሱ ዋጋ አለው።

ሌሎቹ እንዴት አደረጉት?

ፈረንሳይ የራሷን ሞተር በመውደድ የምትታወቅ አገር ናት። ሆኖም የመጀመሪያው የራፋል ሙከራ አውሮፕላን በሐምሌ 1986 ሲነሣ የተሸከሙት ሁለት የአሜሪካ ኤፍ 404 ሞተሮች ነበሩ። በ1990 ከሁለቱ አንዱ ወጥቶ በቦታው ኤም 88 ገባ። አዲሱ ሞተር በሰማይ ላይ ቢከዳ የታመነው ጎኑ ነበር። ይህን ብልሃት ከሁሉም በላይ አደንቃለሁ፤ ክብር የሚነካ የሚመስል ነገር ግን ጊዜም ነፍስም አትርፏል። የመርከቡ ራፋል ከዚያ በኋላ ነው የመጣው፣ ከኤም 88 ጋር።

ቻይና ትዕግሥቷ ይለያል። ጄ 15 የተባለው የመርከብ ጄቷ በ2009 ሲበር፣ በ2012 ሊያውኒንግ መርከብ ላይ ሲያርፍ፣ ለዓመታትም ሲያገለግል ሞተሩ የሩሲያው ኤኤል 31 ነበር። በዚያው ጊዜ የራሷ ደብሊውኤስ 10 ሞተር የልጅነት በሽታውን የሚጨርሰው በየብስ፣ ሁለት ሞተር ባላቸው ጄቶች ላይ ነው። ከዚያ ባለ አንድ ሞተሩ ጄ 10 አመነው፤ መርከቦቹ ወደ እርሱ የዞሩት በመጨረሻ ነው። በኅዳር 2025 አገልግሎት የጀመረው ፉጂያን የተባለው መርከብ በኤሌክትሪክ ካታፑልት የሚያስነሣው ጄ 15ቲ የሚበረው በአገር ቤቱ ሞተር ነው። ባሕሩ የመጨረሻ ተራ ተሰጠው። ትክክል ነው።

ብሪታንያ ደግሞ በ1960ዎቹ ፋንተም የተባለውን የአሜሪካ ተዋጊ ጄት ገዝታ የራሷን የሮልስ ሮይስ ስፔይ ሞተር ልግጠምበት አለች። ምክንያቷ ስሜት ብቻ አልነበረም፤ መርከቦቿ ከአሜሪካኖቹ ያነሱ ስለነበሩ ለመነሣት የበለጠ ግፊት ያስፈልጋታል፣ ስፔይም ሰጣት። ሞተሩ ግን ወፍራም ነው። አየር ማስገቢያው ሰፋ፣ የኋላ አካሉ ተለጠጠ፣ ጄቱ በከፍታ ላይ ከአሜሪካው ወንድሙ ዘገየ፣ ዋጋውም አሻቀበ። አርክ ሮያል በተባለው መርከብ ላይ እስከ 1978 አገልግሏል፤ በሚገባም አገልግሏል ይባላል። ሞተር እንደ ባትሪ አውጥቶ የሚለወጥ ዕቃ እንዳልሆነ ግን በዚያ ጄት ወገብ ላይ ይታያል።

የራስ የሆነ ሁሉ መልካም ነው ለሚል ደግሞ አሜሪካ ራሷ አለች። ኤፍ 14 የተባለው የመርከብ ተዋጊ ጄት በ1970 ሲነሣ የተሰጠው ቲኤፍ 30 ሞተር መቶ በመቶ አገር ቤት ነበር። በውጊያ እሽክርክሪት ላይ መጭመቂያው ይታነቅ ነበር፤ የባሕር ኃይሉ ሚኒስትር ጆን ሌማን ሞተሩና አውሮፕላኑ በጣም የማይጣጣሙ እንደሆኑ ለምክር ቤቱ በ1984 ተናግረዋል። አብራሪዎቹ ዕረፍት ያገኙት ኤፍ 110 የተባለው ሞተር ሲተካው ነው።

እኔ ብፈርም ኖሮ

ሕንድ አሁን በሐሳብ ላይ ያለ የራሷ ባለ ሁለት ሞተር የመርከብ ተዋጊ ጄት አላት። ለእርሱ ዛሬ ሞተር ምረጥ ብባል፣ ኤም 88ን ከላይ ባመሰግነውም፣ ኤፍ 414ን እወስዳለሁ። ግፊቱ ለሽቅብ መርከብ ይበቃል፤ ሞተሩ ሱፐር ሆርኔት በተባለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ጄት ላይ ለዓመታት ጨው ጠጥቷል፤ አየር ኃይሉም ለሚቀጥለው ቴጃስ የሚጠቀመው እርሱን ነው። ከዋሽንግተን ጋር መጣላት እንደማይቀር ግን አምኜ እገዛለሁ። ስለዚህ ከአውሮፕላኖቹ ቁጥር ጋር እኩል የሆነ ብቻ ሳይሆን በርካታ መጠባበቂያ ሞተር፣ ለበርካታ ዓመታት የሚበቃ የምላጭ ክምችት፣ ሙሉ እድሳት የሚያደርግ አገር ቤት ያለ የጥገና ማዕከል በመጀመሪያው ውል ውስጥ ይገባሉ። በኋላ እንጨምረዋለን የሚባለው ነገር በኋላ ዋጋው እጥፍ ነው፤ ወይም አይሸጥም።

ገንዘቡ ጠባብ ሆኖ ከመጠባበቂያ ሞተርና ከአንድ ተጨማሪ ጄት ምረጥ ብባል ሞተሩን እመርጣለሁ። አድሚራሎች ይህን አይወዱም፤ በሰልፍ ላይ የሚቆጠረው ጄት ነውና።

የአገር ቤቱን ሞተር በሚመለከት ባሕር ኃይሉ ከወረፋው ኋላ ይቁም እላለሁ። ካቬሪ ያለ ድኅረ ማቃጠያ 50 ኪሎ ኒውተን ገደማ እየሰጠ ለሰው አልባው የጋታክ ጄት እየተዘጋጀ ነው፤ ቦታው እዚያ ነው፣ ቢወድቅ የሚሞት አብራሪ የለም። ከኤም 88 አምራች፣ ከፈረንሳዩ ሳፍራን ጋር የታሰበው 120 ኪሎ ኒውተን የሚደርስ አዲስ ሞተርም መጀመሪያ በአየር ኃይሉ ጄት ላይ፣ ረጅም ማኮብኮቢያ ባለው የየብስ ጣቢያ፣ ጥቂት ሺህ ሰዓት ይብረር። በዚያን ጊዜ መርከቦቹ ውሉን ያንብቡ። ውሉን ሲያነቡም ከዋጋው ገጽ በፊት አንድ ገጽ ይፈልጉ፦ ምላጩ ሲሰነጠቅ ንድፉን ለመለወጥ የማን ፊርማ ያስፈልጋል የሚለውን።